የረገበ የዓይን ቆብና ነጭ ጥልፍ

ፓርክላንድስ፣ ናይሮቢ
መስከረም 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልጄ ርብቃ፣

የጌታ ሰላም ከደጅሽ እስከ ጓዳሽ ይሙላ። ደብዳቤሽም ነጩ ሸማም በባንታየሁ እጅ ደርሰውኛል። ይህ ነጋዴ በሞያሌ መንገድ ሲመላለስ አርጅቶ ዕቃ መያዝ ግን አልተማረም። ሸማሽን ከበርበሬ ከረጢት ጋር አስሮ አምጥቶት ሦስት ቀን ንፋስ ላይ ሰቅዬዋለሁ፤ እስካሁን አጠገቡ ሳልፍ ያስነጥሰኛል።

ልታገቢ መሆኑን ሳነብ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። «እኔ ያገባሁት የስፌት መኪናዬን ነው» ስትዪ ሠላሳ ዘጠኝ ዓመት የሞላሽ ልጅ፣ በመጨረሻ ሰው አገኘሽ። እዮብ መምህር መሆኑን፣ ሲስቅም አፉን በእጁ እንደሚሸፍን የጻፍሽውን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ሳላየው ወድጄዋለሁ፤ ይህን ንገሪልኝ።

ወደ ቀሚሱ ልምጣ። በአሥራ ሰባት ዓመትሽ እዚህ ሱቅ ገብተሽ መርፌ ስትጨብጪ፣ የሰርግሽን ቀሚስ በእጄ እሰፋልሻለሁ ያልኩሽን አልረሳሁም። ግን ልጄ፣ ጊዜው አልፎብኛል። የዛሬ ሙሽሮች ምን እንደሚወዱ አላውቅም። ደረቱ ላይ ያሰብሽው ነጭ በነጭ ጥልፍም ቢሆን ከሩቅ ማን ያየዋል? እዚያው ሀዋሳ በኮምፒውተር የሚጠልፉ ልጆች ሞልተዋል ይባላል። ሸማውን ባንታየሁ በሚቀጥለው ጉዞው ይመልስልሻል።

ለጤናዬ አታስቢ፣ ምንም አልሆንኩም። ቪዲዮ የማልከፍተው የስልኬ ካሜራ ስለተበላሸ ነው። ለሱቅሽ ያዘዝሽኝን ስድስት የሕፃናት ቀሚስ ከዚህ ጋር ልኬያለሁ። ቆይተውብሻል፣ ይቅርታ አድርጊልኝ። መብራት እየጠፋ አስቸግሮን ነው።

ሚልካ


ሀዋሳ
ጥቅምት 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ውድ እትዬ ሚልካ፣

እንደምን ሰነበቱልኝ? የእኔን ደህንነት በኋላ እነግርዎታለሁ፤ አሁን ስለ ቀሚሶቹ ካልጻፍኩ እጄ ሌላ ነገር አይጽፍም።

ስድስቱንም ጠረጴዛ ላይ ዘርግቼ አየኋቸው። አራቱ የእርስዎ ሥራ ናቸው፣ ምንም አይወጣላቸውም። በሁለቱ ላይ ግን የአንገቱ ጥልፍ የታችኛው ረድፍ ቀጥ ብሎ ሲሄድ የላይኛው መንገዱን ይስታል። በአንደኛው ጠርዝ ላይ ደግሞ ታጥቦ ያልለቀቀ ትንሽ የደም ጠብታ አለ።

እትዬ፣ ስምንት ዓመት አጠገብዎ ተቀምጬ ሠርቻለሁ። ደንበኛ በር ላይ ቆማ እየተቆጣች እንኳ የተጣመመ ስፌት ፈትተው እንደገና ሲሰፉ አይቻለሁ። እርስዎ ያዩትን ጠማማ አይልኩም። ስለዚህ አላዩትም ማለት ነው። 

ጊዜው አልፎብኛል ያሉትን አልተቀበልኩም። ሸማውን እንዳይመልሱ። ቀሚሴን ሌላ ሰው የሚሰፋው ከሆነ ጥር 24 ቀን በሥራ ልብሴ፣ ሜትሬን አንገቴ ላይ እንዳንጠለጠልኩ አገባለሁ። እዮብንም አማክሬዋለሁ፣ ሜትሩ ያምርብሻል ብሏል።

የምለምንዎ አንድ ነገር ነው፤ እውነቱን ይጻፉልኝ።

ልጅዎ ርብቃ


ፓርክላንድስ
ጥቅምት 28 ቀን 2017 ዓ.ም.

ርብቃ፣

ደብዳቤሽን አንብቤ ሁለት ቀን አኩርፌሻለሁ። ያሳደግኳት ልጅ እንዴት ጥልፌን ትመረምራለች ብዬ። በሦስተኛው ቀን የደሙን ጠብታ አስታውሼ አፈርኩ።

ዓይኔ ራሱ ደህና ነው። ሞራ የለውም፣ መነጽሬም ልክ ነው። ያረጀው ቆቡ ነው። የላይኛው ቆዳ ዓመት በዓመት እየረገበ መጥቶ አሁን ሽፋሽፍቴ ላይ ተኝቷል። ወደ ሥራዬ ሳጎነብስ ይብሳል። መጀመሪያ ያወቅኩት የማታቱን፣ የሚኒባስ ታክሲውን፣ ቁጥር ማንበብ ሲያቅተኝ ነው። አገጬን ወደ ላይ ካላነሳሁ አይታየኝም። እንደዚያ ሆኜ ስሄድ ወርቂቱ ያየችኝ ጊዜ፣ ያቺ ከእኔ ጋር የሴቶችን ጸሎት የምትመራው፣ «ሚልካ በስተርጅና ኮራች» ብላ አስወራችብኝ። ቅንድቤን ቀኑን ሙሉ ሳላውቀው ወደ ላይ ስጎትት ስለምውል ማታ ግንባሬን ያመኛል። መርፌ ጣቴን የወጋኝም ለዚህ ነው።

ምን ሞከርሽ ላልሽኝ፣ ያልሞከርኩት የለም። መቼ ጠየቅኩሽ አትበይ፤ እንደምትጠይቂኝ አውቃለሁ። ሦስት ዓይነት ክሬም ገዝቼ ተቀብቻለሁ። ፊቴ ለሰለሰ፣ ቆቤ ግን ከቦታው አልተነሳም። ከዚያ ተደብቄ ዌስትላንድስ ወደ አንድ የቆዳ ማሳመሪያ ቤት ሄድኩ። ቶሚ የምትባል ልጅ አስቀምጣ ሁሉንም በትዕግሥት አስረዳችኝ። በሙቀት ቆዳ የሚያጠብቅ ማሽን አለ፤ ገና በትንሹ ለላላ ጉንጭና አንገት ይረዳል፣ ውጤቱም በወራት ነው የሚታየው። ሌዘር አለ፤ ሽብሽቡን ያሳሳል፣ የእኛን ዓይነት ቆዳ ግን በጥንቃቄ ካልያዙት ጠቁሮ ሊቀር ይችላል። ክር ከቆዳ ሥር አስገብተው ወደ ላይ የሚስቡም አሉ። ይህን ስሰማ ነቃ አልኩ። ክሩስ እስከ መቼ ይይዛል ብላት፣ ውሎ አድሮ ሟሙቶ ይጠፋል አለችኝ። እኔ ለደንበኛ እንደዚያ ብሰፋ ሱቄ ድንጋይ ይወረወርበት ነበር። ልጅቷ ግን ሐቀኛ ናት፤ ቆቤን በጣቷ ነካ አድርጋ «ማማ፣ ይሄ የእኛ ሥራ አይደለም፣ ዳክታሪ ጋ ሂጂ» ብላ አድራሻ ጻፈችልኝ። ልታስከፍለኝ እየቻለች እንደዚያ ማለቷን ወደድኩላት።

ዶክተሯ ሙርሺዳ ትባላለች፣ የሞምባሳ ልጅ ናት፣ የምትሠራው እዚሁ ሰፈራችን ነው። አገጬን አንድ ሳጥን መሳይ ነገር ላይ አስደግፋ፣ ብልጭ የሚል መብራት ባየሁ ቁጥር ቁልፍ እንድጫን አዘዘችኝ። ከላይ የሚበራውን አንዱንም አላየሁም። ቀጥላ ቆቤን በፕላስተር ወደ ላይ ለጠፈችውና ደገምነው። ርብቃ፣ ላይኛው ሁሉ መብራት ነበር። ስንት ዓመት እንዳላየሁት እንጃ።

ፕላስተሩን አላነሳሁትም። እንደተለጠፈ በመንገድ ሄጄ ሱቄን ዘግቼ መርፌ አነሳሁ፣ ክሩ በመጀመሪያው ገባልኝ። ማታ ሳነሳው ግማሽ ቅንድቤን ይዞ ሄደ።

ዶክተሯ ትርፉን ቆዳ ቆርጦ በመስፋት ይስተካከላል ብላ ቀጠሮ ሰጥታኛለች። የምሄድ አይመስለኝም። ቅንድብሽን ተቀንድበሽ የመጣሽ ቀን ምን እንዳልኩሽ ታስታውሻለሽ። «ጌታ የሠራውን የምታርሚ አንቺ ማን ነሽ?» ነው ያልኩሽ፣ በሰው ፊት። አሁን በስድሳ አራት ዓመቴ ቆዳዬን አስቆርጬ ወርቂቱ ፊት እንዴት እቆማለሁ? ጥልፉንም ለሌላ ሰው ስጪ ያልኩሽ በዚህ ነው። ነጭ ክር በነጭ ጨርቅ ላይ አይታየኝም። ካሜራው ደህና ነው።

ሚልካ


ሀዋሳ
ኅዳር 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ውድ እትዬ፣

ካሜራው ደህና መሆኑን ባንታየሁ ነግሮኝ ነበር።

የቅንድቡን ቀን አስታውሳለሁ። አለቀስኩ፣ አልተቀየምኩም። ነገር ግን ሁለቱ አንድ አይደሉም። እኔ ያኔ የፈለግኩት ሰው እንዲያየኝ ነበር። እርስዎ የፈለጉት ማየት ነው። ደግሞ ለመታየት ቢሆንስ? የደንበኛ ቀሚስ ትከሻው ሲወርድ ጨርቁ እንዲህ ሆኖ ተፈጠረ ብለው ይተዉታል? አንስተው ይሰፉታል እንጂ።

አንድ ነገር ልንገርዎ። ሥራ በጀመርኩ በወሩ የአንዲት ሙሽራ ቬሎ በካውያ አቃጥዬ ነበር። ሴትዮዋ ስትጮህ እርስዎ ወጥተው «እኔ ነኝ ያቃጠልኩት» አሏት። ሁለት ቀን ሳያርፉ አዲስ ሰፉላት፣ ነገሩን አንድ ቀን እንኳ አላነሱብኝም። እንደ እርስዎ ልሁን ብዬ የወሰንኩት ያን ጊዜ ነው፤ እስካሁን አልሆንኩም። ያን ጊዜ ስለ እኔ በሰው ፊት ያፈሩ ሰው፣ አሁን ስለ ራስዎ ትንሽ ቢያፍሩ ምን ይጎዳዎታል?

ለጸሎት ጓደኞችዎ ዝርዝሩን መናገር ካስፈራዎት፣ «የግል የጸሎት ርዕስ አለኝ» ብቻ ይበሏቸው። ይጸልዩልዎታል፣ ጥያቄም አይኖርም።

ርብቃ


ፓርክላንድስ
ታኅሣሥ 5 ቀን 2017 ዓ.ም.

አንቺ ልጅ፣

ምክርሽ ጉድ ሠራኝ። እንዳልሽው በሴቶች ጸሎት ላይ ተነሥቼ «ዓይኔ ላይ ቀዶ ሕክምና አለብኝ፣ ዝርዝሩን ጌታ ያውቃል፣ ጸልዩልኝ» አልኩ። ጥያቄ አልነበረም፣ እውነትሽን ነው። ዝርዝሩን ራሳቸው ሞሉት። እሑድ ሚልካ ልትታወር ነው ተባለ፤ ማክሰኞ ከዓይኗ በስተጀርባ ዕጢ ተገኘባት ሆነ። ረቡዕ ወርቂቱ የሦስት ቀን ጾም አወጀች። ሰማንያ ሰው ጾሞልኛል፣ ርብቃ። የስኳር ሕመም ያለባቸው እንኳ እንጹም ብለው በግድ ነው የተዉት። አንዷ በግድ አስተኝታኝ አልጋዬ አጠገብ ተቀምጣ መዝሙረ ዳዊት ቀስ እያለች አነበበችልኝ፣ ሌላዋ የስፌት መኪናዬን ለማን እንደምተው በጨዋ ደንብ ጠየቀችኝ።

ልነግራቸው ሦስት ጊዜ አፌን ከፈትኩ። ከንፈሩ በጾም የደረቀ ሰው ፊት ለፊትሽ ቆሞ እንዴት «ቆዳ ነው» ትያለሽ? ጾሙ ከተጀመረ በኋላ ደግሞ መቅረትም አይቻልም። ማክሰኞ ጠዋት እገባለሁ።

ሸማሽን ዛሬ ቆረጥኩት። በላክሽልኝ ልክ፣ ወገቡ ላይ ሁለት ጣት ትርፍ ትቼ፤ ሰርግ ሲደርስ ሰው ይከሳል ወይም ይወፍራል። መቁረጡን እችላለሁ፣ ጥልፉን ነው የማልችለው። ቆርጬው ልሂድ ብዬ ነው። የተቆረጠ ጨርቅ ትቼ መቅረት አልወድም።

ሚልካ


ፓርክላንድስ
ታኅሣሥ 17 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልጄ፣

በየቀኑ በባንታየሁ ስልክ የምትልኪው «እንዴት ናት?» ሁሉ ደርሶኛል። አምሮብኛል አልልም፤ ሳምንቱን ሙሉ ሐምራዊ ነበርኩ። ሊጠይቁኝ የመጡት ሴቶች ፊቴን ሲያዩ ለቅሶ ቤት አስመሰሉት። ስፌቱ ከትናንት ወዲያ ወጥቶልኛል። ብዙ አልጽፍም፣ እስከ ሳምንት እንዳላጎነብስ ተከልክያለሁ፤ ይህን የምጽፈው ወረቀቱን ግድግዳ ላይ አስደግፌ ነው።

ስለ ሙርሺዳ ግን ካልነገርኩሽ አላርፍም። መጀመሪያ ተቀመጪ ብላ ቆዳዬን በመቆንጠጫ ያዝ እያደረገች በቀለም አሰመረችው። ለምን አላስተኛሽኝም ስላት «ቆዳ ሲተኙ ይሸሻል፣ እውነቱ የሚታየው ተቀምጠሽ ነው» አለችኝ። እኔስ ደንበኛ አስተኝቼ ለክቼ አውቃለሁ? ያሰመረችውን በመስታወት ሳይ ደግሞ ያነሰ መሰለኝ። ጨምሪበት አልኳት። «ዓይንሽ መዘጋትም አለበት፣ ማማ። የቆረጥኩትን መልሼ መቀጠል አልችልም» አለች። ከዚያ በኋላ አፌን ዘጋሁ። ይህን ያወቀ ሰው ሙያውን ያውቃል።

መድኃኒቱ የሚያደነዝዘው ዓይኔን ብቻ ስለሆነ አእምሮዬ ነቅቶ ነበር። አያምም፣ ክር ሲሳብ ግን ይሰማል። አሳሳቧን አዳመጥኩ። አይቸኩልም፣ አይቆምም፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አንድ ዓይነት ነው። እኔ እንደዚያ መሳብ የቻልኩት በአሥር ዓመት ሳይሆን በሃያ ዓመት ሥራዬ ነው። ሲያልቅ መርፌዋን አሳዪኝ አልኳት። የጎበጠ ነው፣ በእጅ አይያዝም፣ ክሩ ከፀጉር ይቀጥናል። ስቃ «አንቺም ፉንዲ፣ እኔም ፉንዲ» አለችኝ። እዚህ ልብስ ሰፊውንም ግንበኛውንም እንደዚያ ነው የሚሉት፤ ራሷን ከእኛ ጋር ስትቆጥር ደስ አለኝ።

ስፌቱ ከወጣ በኋላ መስታወት ላይ ተጠግቼ የት እንደጀመረች ፈለግኩ። ቀይ መስመር አለ፣ እሱም እየደበዘዘ ነው፤ መጀመሪያውን ግን አላገኘሁትም። ጉንጬና አንገቴ እንደ ድሮው ረግበው ተቀምጠዋል። ለእነሱም መላ አለ ስትለኝ ተዪው አልኳት፤ በአንገቴ አልሰፋም።

አሁን የቀረው ምስክርነቱ ነው። የተጸለየለት ሰው ሲድን መድረክ ላይ ወጥቶ ይመሰክራል፣ ደንባችንን ታውቂያለሽ። ተራዬ ጥር 4 ነው ተብያለሁ። ወርቂቱ ማይክሮፎኑን ራሷ ልትሰጠኝ ነው። ቢላዋውን አልፈራሁም፣ ይህን እፈራለሁ። ምን ልበል?

ሚልካ


ሀዋሳ
ታኅሣሥ 26 ቀን 2017 ዓ.ም.

ውድ እትዬ፣

ምን እንደሚሉ አልመክርዎትም። ያለፈው ምክሬ ሰማንያ ሰው አስርቧል።

ቀሚሱ ካልደረሰ አይጨነቁ፣ ሜትሬን አጥቤ አስቀምጫለሁ።

ርብቃ


ፓርክላንድስ
ጥር 10 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልጄ፣ ሙሽራዬ፣

ቀሚሱ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ነው። በሦስት ላስቲክ ጠቅልዬዋለሁ፣ ባንታየሁንም በርበሬ ባለበት መኪና ላይ እንዳይጭነው ማስማል ብቻ ነው የቀረኝ።

እሑድ ወጣሁ። ወርቂቱ ማይክሮፎኑን ሰጥታኝ አጠገቤ ቆመች። ሌሊቱን ያዘጋጀሁት ንግግር ነበረኝ፣ ሁሉም ጠፋኝ። «ዕጢ አልነበረም» አልኩ። «የዓይኔ ቆብ ረግቦ ነው። ቆዳ ነው ያስቆረጥኩት። ስትጾሙልኝ መናገር ነበረብኝ፣ አፍሬ ነው ያልተናገርኩት። በዚህ ቤት ልጆችን ቅንድባቸውን ስለተቀነደቡ በሰው ፊት ያዋረድኩ ሰው ስለሆንኩ አፈርኩ። ይቅር በሉኝ።» ስምሽን አልጠራሁም፣ አንቺን ማለቴ ግን ነበር። አሁን በጽሑፍም ይቅር በይኝ።

 ወርቂቱ «ሦስት ቀን የጾምኩት ለቆዳ ነው?» አለች፣ ማይክሮፎኑ ሁሉን ይዞታል። ዞር ብዬ አየኋት። በአዲሱ ዓይኔ ሳያት ምን እንዳየሁ ልንገርሽ? አገጯን ወደ ላይ አንስታ ነው የምታናግረኝ። ግንባሯ ተሸብሽቧል፣ ቅንድቧ ተሰቅሏል፣ ቆቧ ሽፋሽፍቷ ላይ ተኝቷል። ኮራች ስትለኝ የኖረችው ሴት አንድ ዓመት ሙሉ እንደ እኔ ሆና ስትሄድ አላየኋትም። እሷም አላየችኝም። ሁለታችንም በምን እንያይ?

ጉባኤው ሲበተን እጇን ይዤ ወደ ሴቶች ክፍል ወሰድኳት። ፕላስተር ከቦርሳዬ አይለይም። ተቆጥታ ነው የተቀመጠችው፣ ለጠፍኩላት። ከዚያ ወደ አዳራሹ መለስኳትና ግድግዳው ላይ ያለውን የመዝሙር ጽሑፍ እንድታይ አደረግኳት። እስከ ላይኛው መስመር አነበበችው። ከዚያ እዚያው ቆማ አለቀሰች። ለስንት ጊዜ በቃሏ ስትዘምር እንደኖረች ነገረችኝ። ሰኞ ሙርሺዳ ጋ አብረን እንሄዳለን፤ ሌሎች አራት ሴቶችም በየማእዘኑ እየጎተቱ አድራሻ ጠይቀውኛል። አንዷ ጉንጯን ነው የምትለው፤ እሷን ወደ ቶሚ ላክኳት።

የጥልፉን ነገር አልጽፍም። ዘርግተሽ እዪው፣ እንደ ሕፃናቱ ቀሚስ። እነዚያን ሁለት ጠማማዎች ግን መልሺልኝ፣ ፈትቼ እሰፋቸዋለሁ።

ሚልካ


ሀዋሳ
ጥር 19 ቀን 2017 ዓ.ም.

እትዬ ሚልካ፣ እናቴ፣

ይቅርታውን ከሃያ ዓመት በፊት አድርጌዋለሁ።

ቀሚሱን በቀን ብርሃን መስኮት አጠገብ ዘረጋሁት። ነጩ ከነጩ ተለይቶ ታየኝ። ረድፎቹን በጣቴ ተከተልኳቸው፤ የት እንደጀመሩ፣ የት ክር እንደቆረጡ ፈለግኩ። ጨርቁን ገልብጬም ፈለግኩ። አላገኘሁም። እዮብ አጠገቤ ቆሞ ምን ትፈልጊያለሽ አለኝ፣ ጣቱን ይዤ ረድፉ ላይ አስቀመጥኩለት።

ሁለቱን የሕፃናት ቀሚስ አልመልስም። የመጀመሪያ ቀን ሳያቸው ያየሁት ጠማማዎቹን ብቻ ነበር። አሁን ሌላ ነገር ነው የማየው። ስድስቱንም ሲሰፉ ላይኛው አይታይዎትም ነበር፤ አራቱ ግን ቀጥ ብለው መጥተዋል። ያንን በምን እጅ እንደሠሩት አልገባኝም። ሁለቱን በመስታወት ክፈፍ አድርጌ ሱቄ ውስጥ ሰቅያቸዋለሁ፣ ከደሙ ጠብታ ጋር። የማሠለጥናቸው ልጆች ከመቀመጣቸው በፊት ያዩዋቸዋል።

ይህ ከሰርጉ በፊት እንዲደርስዎ ባንታየሁን አደራ ብዬዋለሁ። ቅዳሜ ጠዋት ቀሚሱን እንደለበስኩ እደውላለሁ። መጀመሪያ እንዲያዩኝ የምፈልገው እርስዎ ነዎት፤ ካሜራውን ይክፈቱልኝ።

ርብቃ